ከባሕሪ እስከ ባዩዳ፤ በጥር ብርድ

ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት ነፋሱ ቤታችንን ሲያንገላታው ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ሱዳን ሙቀት ነው ትሉን አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፣ ስለ ሱዳን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሙቀቷ ነው። ግን ብርድም አላት። እኔና እናቱ ያንን ብርድ በደንብ የቀመስነው በ2010 ጥር ላይ፣ ከባሕሪ ተነስተን ባዩዳ የሚባለውን በረሃ በላንድክሩዘር ስናቋርጥ ነው። ልጁ ያኔ አልተወለደም። ለእሱ የነገርኩትን እናንተም ብታነቡት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወረቀታችን ሁሉ በእነሱ ስለሆነ ለምደነዋል።

ካርቱም ያልኖራችሁ እንድትረዱት፣ ባሕሪ ከሦስቱ ከተሞች አንዷ ናት። ከካርቱም ጥቁር ዓባይን በድልድይ ስትሻገሩ ባሕሪ ናችሁ፤ ከባሕሪ ደግሞ ያኔ ትልቁን ዓባይ በሸምባት ድልድይ ስትሻገሩ ኦምዱርማን ነበራችሁ። እኔ ያኔ ፋብሪካዎቹ ባሉበት ሰፈር አንድ ወርሻ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነበርኩ። ባለቤቴ ከወርሻው ትንሽ ራቅ ብላ ኒም ዛፍ ሥር ሻይና ቡና ትሸጥ ነበር። ከሻ ሲመጣ ጀበናዋንና ስኒዋን ሰብስባ እኛ ወርሻ ትገባለች፤ ከሻው ሲያልፍ ትመለሳለች። እንዲህ እንዲህ እያልን እንኖር ነበር። የቤት ኪራይ እንከፍላለን፣ የቀረችውን ዕቁብ እንጥላለን። ዕቁቡ ለምን እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወርሻው ደንበኛ የሆነ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። ዓሚ ነበር የምንለው፤ ስሙን ልተወው። ሁለት አሮጌ ላንድክሩዘሮች ነበሩት፤ ክረምት ክረምት (የእነሱ ክረምት ማለት ታኅሣሥና ጥር ነው) ፈረንጆችን ወደ ሰሜን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ምግብ አብሳይ የነበረው ልጅ ታሞበት ወርሻ መጣና «አንተ መኪናውን ታውቀዋለህ፣ ሚስትህ ምግብ ትችላለች፤ ሁለታችሁም ኑ» አለኝ። የሰጠን ገንዘብ የሁለት ወር ኪራይ ያህል ነበር። ጓደኞቻችን «የጫጉላ ሽርሽር ሄዱ» ብለው ሳቁብን።

የስድስት ቀን መንገድ ነው። ፈረንጆቹ ሰባት ነበሩ፤ አራቱ አብረው የመጡ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ፣ የቀሩት ሁለቱ ጀርባቸው ላይ ያን ትልልቅ ሻንጣ የሚሸከሙ ወጣት ባልና ሚስት። እነዚህ ሁለቱ ከሆላንድ ናቸው። ከአስዋን በመርከብ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ካርቱም የገቡ ናቸው። ብቻቸውን መኪና የሚከራዩበት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው ከሌሎቹ ጋር የተዳበሉት። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታያቸው «እነዚህም እንደኛ ንብረታቸው ጀርባቸው ላይ ነው» አለች። ነገሩ ግን እንደኛ አልነበረም፤ ሻንጣው ውስጥ ፓስፖርት አለ።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ፈረንጆቹም ቢሆኑ ያኔ ከካርቱም ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ፣ ተስሪህ ያስፈልጋቸው ነበር። ዓሚ ፎቶ ኮፒውን በደርዘን አሠርቶ በየኬላው አንዳንድ እየሰጠ ነው የሚያልፈው። የእኛ ግን የስደተኛ መታወቂያ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ ወደ ሌላ ሲሄድ ምን እንደሚባል። ዓሚ ለሁለት ሳምንት ተመላልሶ ሠራተኞቹ መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤና ፈቃድ አስወጣልን። ባለቤቴ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ስድስቱንም ቀን ከዚያ አልወጣም፣ ኬላ ላይ ካልሆነ በቀር።

ጠዋት በሐልፋያ በኩል ወጣን። ጄይሊ ስንደርስ የነዳጅ ማጣሪያው እሳት ከሩቅ ይታይ ነበር። (ያ ማጣሪያ በ2025 ጥር በጦርነቱ ተቃጠለ።) ከዚያ ወደ ሸንዲ በሚወስደው አስፋልት ብዙ ከሄድን በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፈን ነጋ የሚባል ቦታ ገባን። በረሃ ውስጥ ብቻውን የቆመ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ንጉሥና አንዲት ንግሥት ጠላቶቻቸውን በፀጉራቸው ጨምድደው ሲመቱ ተቀርጸዋል። ንጉሡ ናታካማኒ፣ ንግሥቲቱ አማኒቶሬ ይባላሉ፤ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የነበሩ የሜሮዌ ገዢዎች ናቸው። ንግሥቲቱ ወፍራም ናት፣ ጥፍሯ ረጅም፣ ከንጉሡ እኩል ቆማለች። ባለቤቴ ዞራ ዞራ አየቻትና «ይቺ ሴትዮ ከሻ መጣ ብላ አትሮጥም» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት ላይ ጃንደረባው ያገለግላት የነበረችው የኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ ትባላለች አይደል? ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሜሮዌ ሰዎች ግን ንግሥታቸውን ወይም የንጉሡን እናት «ካንዳኬ» ይሉ ነበር፤ ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን የግሪክ ሰዎች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ይህንን ከግብፅ በታች ያለውን አገር ነው በአብዛኛው የሚያስቡት። ፎቶ አንሺው ፈረንጅ ይህን ሲያስረዳን እኔ ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ባለቤቴ «ተወው፣ ዝምድና ቢበዛ ምን ይጎዳናል» ብላ አበረደችኝ።

በነጋ አጠገብ አንድ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አለ። ዘላኖቹ ገመዱን በአህያ እያስጎተቱ ነው ውኃውን የሚያወጡት፤ አህያዋ እየራቀች እየራቀች ትሄድና ትንሽ ነጥብ ስትሆን ነው ዴልዎው ብቅ የሚለው። ሆላንዳዊቷ ልጅ ይህንን ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። የእኔ ባለቤት ደግሞ ሄዳ ገመዱን ያዘች፤ በሽሪሙላም በአረብኛም ከሴቶቹ ጋር ተግባባችና ጄሪካናችን ተሞልቶ መጣ።

ሜሮዌ (ሱዳኖቹ በጀራውያ ይሉታል) የደረስነው በሁለተኛው ቀን ነው። ከካርቱም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአሸዋ ክምር ላይ ሾጣጣ ፒራሚዶች ተደርድረዋል፤ ከግብፆቹ ያነሱና የቀጠኑ ናቸው። ብዙዎቹ አናታቸው የለም። በ1834 ፈርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ወርቅ ፍለጋ አፈረሳቸው። አግኝቷልም፤ የንግሥት አማኒሻኬቶን ጌጣጌጥ አውጥቶ ሸጦታል፣ ዛሬ ጀርመን አገር ሙዚየም ውስጥ ነው። ቦታው በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኛ ስናየው ግን አንድ ዘበኛና ግመል የሚያከራዩ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የእኛው ንጉሥ ኢዛና ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ወደዚህ አገር ዘምቶ እንደነበር አክሱም ባለው የድንጋይ ጽሑፍ አስጽፏል። ተከዜ ዳር መዋጋቱን፣ የጡብና የሣር ቤት ያላቸውን ከተሞች መያዙን ይዘረዝራል። ሜሮዌ ውስጥም የአክሱም ነገሥታት ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ስባሪ ተገኝቷል። ይህን ለዓሚ ብነግረው «ታዲያ ኢዛና ተስሪህ ነበረው?» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ቀን ወደ አትባራ ከተማ ስንቃረብ አንድ ረጅም ድልድይ ተሻገርን። ሥሩ አሸዋና አልፎ አልፎ የተኛ አረንጓዴ ውኃ ነው። ባለቤቴ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ዓሚ «ነሀር አትባራ፤ ከእናንተ አገር ነው የሚመጣው» አላት። ፎቶ አንሺው ካርታ ነበረው፤ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ። ወንዙ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሰቲት ነው፣ ማለትም ተከዜ። ሌላው ደግሞ በገላባት አጠገብ አልፎ ወደ ጭልጋ ይወጣል፤ ጓንግ።

ባለቤቴ የጭልጋ ልጅ ናት። ከአይከል ብዙም ሳይርቅ ነው የተወለደችው። ልጅ ሆና ከብት ውኃ የምታጠጣው ጓንግ ላይ ነው። መኪናው እንዲቆም ጠየቀች፤ ዓሚም ቆመላት። ወረደች፣ እስከ ኩሬው ሄደች፣ እጇን አስነክታ ተመለሰች። ከትልልቆቹ ፈረንጆች አንዱ ሰዓቱን እያየ ተነጫነጨ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈር እንድረስ ነው ነገሩ። ሆላንዶቹ ግን ምን ሆና እንደሆነ ጠየቁኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ተያዩና ወንዱ ካርታው ላይ ጣቱን አስቀመጠ፤ «እኛ በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ እናልፋለን» አለ። ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ፣ ሸኸዲ፣ አይከል፣ ጎንደር። መንገዱ የእናቷን ደጅ ታክኮ ነው የሚያልፈው። እኛ የተሰደድንበትን ምክንያት እዚህ አላነሳም፤ ግን ያ መንገድ ለእኛ ዝግ ነበር። ለእነሱ ቪዛ ይመቱላቸዋል፣ ያልፋሉ።

ከአትባራ ዓባይን ተሻግረን ወደ ባዩዳ ልንገባ ስንል ያለው ኬላ ላይ ተያዝን። የፈረንጆቹ ወረቀት ወዲያው ታየ። የእኛን የያዘው ወታደር ግን ገለባበጠው፣ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ደግሞ ስልክ ደወለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆምን። «ሊቢያ ልትሻገሩ ነው» ነበር የሚሉት። ትልልቆቹ ፈረንጆች ሌላው መኪና ይዟቸው ይሂድ አሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ገንዘብ ከፍለው ነው የመጡት። ሄዱ። ሆላንዶቹ ግን ሻንጣቸውን አውርደው ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ምን ታድርግ፣ ከሰል አቀጣጥላ ቡና አፈላች። ሦስተኛው ስኒ ለአለቃው ደረሰው። በቡናው ይሁን በስልኩ አላውቅም፣ ለቀቁን።

«ሊቢያ ልትሻገሩ ነው» ያሉን ውሸት አልነበረም። በዚያ ጉዞ ባይሆንም። ዕቁቡ ለዚያ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በ2007 ከኦምዱርማን፣ ከሱቅ ሊቢያ አካባቢ በፒክአፕ ተጭኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልደወለም። እኛም መጋቢት ላይ ዕቁቡ ሲደርሰን በዚያው መንገድ ልንከተለው ከደላላ ጋር ተነጋግረን ነበር። ባለቤቴ ይህንን ሥራ እሺ ያለችው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «በረሃ በረሃ ሲሉ እሰማለሁ፤ ምን እንደሆነ በዓይኔ ልየው» ብላኝ ነበር።

ባዩዳ ዓባይ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ተመልሶ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ እንደገና ወደ ሰሜን ሲዞር በእቅፉ ውስጥ የቀረ ምድር ነው። ሁሉም አሸዋ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ የተነሰነሰበት ሜዳ፣ ደረቅ ወንዝ፣ ጥቂት ግራር፣ የሞቱ እሳተ ገሞራዎች። በመካከሉ አስፋልት ተሠርቶ ነበር፤ ዓሚ ግን ለፈረንጆቹ ሲል ከአስፋልቱ ወጣ። እኔ ሥራዬ ያኔ ጀመረ። አሸዋ ላይ ስትደርሱ ከጎማው አየር ማስተንፈስ አለባችሁ፣ ጎማው እንዲሰፋ፤ ካለበለዚያ መኪናው ይቀበራል። እንደዚያም ሆኖ አራት ጊዜ ተቀበርን። በአካፋ ትዝቃላችሁ፣ የብረት ሳንቃውን ከጎማው ሥር ትሰኩታላችሁ፣ ሁሉም ይገፋል። ሆላንዳዊው በደንብ ይገፋ ነበር። በሁለት ቀን ሁለት መኪና ብቻ አየን። ውኃችን ስንት ጄሪካን እንደቀረ ባለቤቴ በየሰዓቱ ትቆጥር ጀመር።

አትሩን የሚባል የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ሥሩ ነጭ ነው፤ ዘላኖቹ ጨው ከዚያ እየለቀሙ በአህያና በግመል ያወጣሉ። አጠገቡ ባለው ሜዳ ላይ አደርን።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ጉዱ የመጣው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ አሸዋው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ ወዲያው ይተፋዋል። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ አለ። የፎቶ አንሺው ሰዓት ሙቀት ይለካ ነበር፤ ሌሊት ሰባት ዲግሪ አለ። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ቢያነብ ይስቅብኛል፤ ግን ቀን በሰላሳ ዲግሪ ላብ ያጠመቀው ሰውነት ሌሊት ሰባት ሲመጣበት ሌላ ነገር ነው። ያለን አንድ ጋቢና ሁለት ስስ ብርድ ልብስ ነው። ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር።

እሳት አንድደን ተሰበሰብን። ሆላንዶቹ ይህ ምንም እንዳይደለ አወሩን። ከዓመት በፊት ደቡብ አሜሪካ፣ ቦሊቪያ የሚባል አገር፣ ልክ እንደዚህ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጂፕ ተዳብለው ሦስት ቀን ከፍተኛ በረሃ አቋርጠዋል። ኡዩኒ የሚባል የጨው ሜዳ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,650 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ከዚያ መኪናው እየወጣ እየወጣ ከመሬት እንፋሎት የሚፈላበት ቦታ ይደርሳል፤ ከ4,800 ሜትር በላይ ነው፣ ከራስ ዳሽን አናት ይበልጣል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ የጠርሙስ ውኃቸው በረዶ ሆኖ አድሯል። ፎቶውን በካሜራቸው አሳዩን፤ መሬቱም ሰማዩም ነጭ። ባለቤቴ «የአፋርን ጨው ወስደው ተራራ ላይ ሰቀሉት» አለች። የእኛው ዳሎል እኮ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ነው ያለው።

ፈረንጆቹ ሲተኙ ባለቤቴ ዓሚን ስለ ሊቢያ መንገድ ጠየቀችው። «ዓሚ፣ ያኛው በረሃ እንደዚህ ነው?» እሱ ራሱ በዚያ ነድቶ አያውቅም፤ የሚነዱትን ግን ያውቃል። እሳቱን እየቆሰቆሰ ነገራት። አንድ ፒክአፕ ላይ ሠላሳ ሰው ይጫናል። ጠርዝ ላይ የተቀመጡት እንዳይወድቁ በጭነቱ መሃል የተሰካ ዱላ በእግራቸው መካከል ይዘው ነው የሚሄዱት። ውኃው ብዙ እንዳይጠጣ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበታል። ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጀበል ዑወይናት ሲጠጉ ምድሩ ከፍ ይላል፤ ተራራው ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። «ይሄ ባዩዳ ሕፃን ነው፣ ያ ኡኽቲ። እዚህ ብንጠፋ በአብዛኛው በኩል ብንሄድ ዓባይ አለ። እዚያ ዓባይ የለም። ጥር ላይ በሌሊት ሲነዱ እጅ ይደነዝዛል፤ ዱላውን የለቀቀ ሰው ይወድቃል። ሾፌሩ አይቆምም።»

ወንድሟ የወጣው በጥር ነበር።

ምንም አላለችም። ተነስታ መኪናው ውስጥ ገባች፣ የእኔን ባትሪ አበራች፣ የጎማ ሒሳብ የምጽፍበትን ደብተር ወስዳ መጻፍ ጀመረች። ለእናቷ ነው። አንድ ገጽ ጻፈችና ቀደደችው። እጇ በብርድ አልታዘዝ ብሏት እየተነፈሰችበት እንደገና ጀመረች። ለሦስት ዓመት እናቷ በሰው በሰው ስትጠይቅ «ደህና ነው፣ ካርቱም ነው» እያለች ነው የኖረችው። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ እውነቱን ጻፈች፤ ከመታጠፉ በፊት አሳየችኝ። እኛም ልንሄድ እንዳሰብን ጨምራበታለች። ጠዋት ለሆላንዳዊቷ ሰጠቻት፣ ከሁለታችን ፎቶ ጋር። የቤቱን አቅጣጫ በስዕል ሠርተንላቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዋርካው፣ የወፍጮ ቤቱ።

የቀረው ጉዞ ጥሩ ነበር፤ ካሪማ ደረስን፣ ጀበል ባርካልን አየን። መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብቸኛ ተራራ ነው፤ የጥንቶቹ ሰዎች የአምላካቸው የአሙን መኖሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፈረንጆቹ ወጡት፣ እኔ ጎማ ስለጥፍ ነበር። ተመልሰን ባሕሪ ስንደርስ ሆላንዶቹ ከሻንጣቸው አንዱን የመኝታ ከረጢት አውጥተው ሰጡን፤ «ኢትዮጵያ ሆቴል አለ» ብለው። እሱ ሰማያዊ ነው፣ ዚፕ አለው፣ ሲታጠፍ የቡና ጀበና ያህል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሰዓድ ጊሽራ አጠገብ ወደነበረው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ኢሜል መጥቷል። ፎቶ አለበት፤ አማቴ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ። ያዘቀዘቀችው ለሐዘን መሆኑን ፈረንጆቹ አላወቁም፤ ባህላዊ አለባበስ ነው ብለው ነው የጻፉት። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ተማሪ አስተርጉሞላቸው የእናትዮዋንም መልእክት አስቀምጠዋል። አጭር ነበር። «አንዱ ይበቃኛል» ነው ያለችው።

መጋቢት ላይ ዕቁቡ ሲደርሰን ደላላው ደወለ። ስልኩን ባለቤቴ አነሳችውና «ሰው ተሳስተሃል» ብላ ዘጋችው። በገንዘቡ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን፤ ምጣድና ማቀዝቀዣ ገዛን፣ እንጀራ መሸጥ ጀመረች። ልጆቹ የተወለዱትም እዚያው ባሕሪ ነው። ከወንድሟ እስከ ዛሬ ድምፅ የለም። ስልክ ቁጥራችንን ግን አልቀየርንም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሳ፤ የባሕሪ ገበያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ የሸምባት ድልድይ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፈረሰ። እኛ ከዚያ በፊት በእግርም በመኪናም ወጥተን ገዳሪፍ ደረስን። ምጣዱንና ማቀዝቀዣውን ትተን የያዝነው የልጆቹን ልብስ፣ ወረቀታችንንና ያንን ሰማያዊ ከረጢት ነው። ዚፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እናቱ በመርፌ ግማሹን ሰፍታዋለች። ትንሹ ልጅ አሁን እሱ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ እግሩ ግን ሊያልቅበት ነው።